ምዕራፍ 9፦ ዕድሜው ያለፈ ሲስተም

መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቆመ። በማግስቱ ሚያዝያ 1 ጠዋት ኤክስፒ የተጫነበት ኮምፒውተር ሁሉ፣ ለንደን ያለውም ደምበጫ ያለውም፣ እንደ ወትሮው ተነሣ። ያ የለመድነው አረንጓዴ ኮረብታ ከነሰማያዊ ሰማዩ ስክሪኑ ላይ ታየ፤ ማመልከቻ ተጻፈ፣ ፕሪንት ተደረገ፣ ሒሳብ ተከፈለ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ብዙ ሰው «ድጋፉ አበቃ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ እንደ ነጋዴ ወሬ የሚቆጥረው ለዚህ ነው፤ አዲስ ሊሸጡልን ነው ይላል።

ጥርጣሬው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ማይክሮሶፍት አዲስ ዊንዶውስ በሸጠ ቁጥር ያተርፋል። ነገር ግን ድጋፍ የተባለው ምን እንደሆነ በቅርብ ላየው ሰው ማስጠንቀቂያው ከነጋዴ ወሬ ያልፋል። ዊንዶውስን የመሰለ ሲስተም በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የትእዛዝ መስመሮች የተጻፈ ነው። የሰው ሥራ ስለሆነም ስሕተት አያጣውም። አንዳንዱ ስሕተት ማሽኑን ከማንቀርፈፍ አያልፍም፤ አንዳንዱ ግን የማያውቁት ሰው ከሩቅ ሆኖ በማሽንዎ ላይ እንዲያዝ በር ይከፍትለታል። በፈረንጆች ወር ሁለተኛው ማክሰኞ በደረሰ ቁጥር ማይክሮሶፍት በዚያ ወር የተገኙትን ቀዳዳዎች የሚደፍን ጥገና ያወጣል። አፕዴት የምንለው ይህንን ነው፤ ድጋፍ ሲያበቃ የሚቀረውም ይኸው ወርኃዊ ጥገና ነው።

ጎተራ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ጎተራውን በየዓመቱ በጭቃና በእበት የሚለስነው ሰው አገር ጥሎ ቢሄድ እህሉ በማግስቱ አይበላሽም። ልስኑ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል፣ ውሽንፍር ይገባል፣ አይጥ መንገድ ያገኛል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ግን እህል ሊያወጣ የሄደ ዕለት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አይጥ የጎረቤትን ጎተራ አይታ የእርስዎ የት ላይ እንደሳሳ አታውቅም። የኮምፒውተር ሌባ ያውቃል። ለአዲሱ ዊንዶውስ ጥገና በወጣ ቁጥር ከጥገናው በፊት የነበረውንና በኋላ የመጣውን ፋይል ጎን ለጎን አድርጎ ያመሳክራል፤ የተለወጠው መስመር ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። አዲሱና አሮጌው ዊንዶውስ ብዙ የጋራ አካል ስላላቸው በአዲሱ የተደፈነው በአሮጌው ላይ ክፍቱን ይቀራል። አሮጌው ሲስተም በየወሩ አደገኛ እየሆነ የሚሄደው ስለ እርሱ የሚታወቀው ምስጢር በየወሩ እየጨመረ ስለሚሄድ ነው።

ቀኖቹን እናስታውስ። (በዚህ መጽሐፍ ያለው ዘመን የእኛው ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. ተብሏል።) ኤክስፒ ጥቅምት 15 ቀን 1994 ተወልዶ ከ12 ዓመት በላይ ተጠገነ። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012፣ ከጥምቀት ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥገናው ቆመ። የዊንዶውስ 10 ተራ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ደረሰ።

የኤክስፒ ነገር ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው ዋናክራይን ነው። ዓርብ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያባዛ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ማሽኖች ውስጥ ገባ፤ የሰዎቹን ፋይል ቆልፎ ማስከፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ቦታ መለሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና መጋቢት 5 ቀን፣ ከጥቃቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ወጥቶ ነበር። ለኤክስፒ ግን ጥገናው ለማንም ሰው በነፃ የተለቀቀው ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ድጋፉ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲህ መደረጉ ራሱ ያልተለመደ ነበር። ጋዜጦች ጥፋቱን ሁሉ በኤክስፒ ላይ ለጠፉ። ካስፐርስኪ የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ቆጥሮ ያገኘው ሌላ ነው፤ ከተያዙት ማሽኖች 98 በመቶ ያህሉ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ። ዊንዶውስ 7 ያን ጊዜ ድጋፉ ገና አላበቃም። ጥገናው ወጥቶላቸዋል፤ ባለቤቶቻቸው አልጫኑትም።

ለእኛ አገር ከኤክስፒ ወሬ ይልቅ ይህ 98 በመቶ ይበልጥ ይነግረናል። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ባለሙያ ጋር ይወሰድና «ፎርማት አድርግልኝ» ይባላል። ባለሙያው ከፍላሹ ላይ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ፈቃድ ሳይገዛ በክራክ ያስከፍተዋል፣ ኦፊስና የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ ይጨምርበታል፤ ከዚያ ከማስረከቡ በፊት አፕዴቱን ይዘጋዋል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። አፕዴት የደንበኛውን የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ክራኩን ሊያጋልጠው ይችላል። ደንበኛ አጠገብ ቆሞ እየጠበቀ «እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ብሎ ግማሽ ሰዓት ሊያስቆም ይችላል። ሦስቱም እውነት ስለሆኑ ባለሙያውን መውቀስ ይከብደኛል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ለብዙዎቹ ኮምፒውተሮቻችን ድጋፍ ያበቃው ማይክሮሶፍት በቆረጠው ቀን ሳይሆን ፎርማት በተደረጉበት ቀን ነው። ጥር 5 ቀን 2012 ለእነርሱ ተራ ማክሰኞ ነበረች።

እንግዲህ ወደ ደምበጫ እንምጣ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል በኩል ወደ ጂጋና ፍኖተ ሰላም የሚያልፈው አስፋልት የሚያቋርጣት የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። እንደ ማንኛውም የወረዳ ከተማ ኮምፒውተሩ የሚበዛው በመንግሥት ቢሮና በጽሕፈት ቤቶች ነው፤ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚል ሰሌዳ ባላቸው አንድ ክፍል ቤቶች። የመሬት ክርክር አቤቱታ፣ የውክልና ረቂቅ፣ የዕድር ደብዳቤ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ይጻፋል። ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 እስከ ዛሬ ጥግ ይዞ የሚገኘው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ለምን እንዳልተለወጠ የሚያስረዳው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ምዕራፉን እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር። ትልቁ ምክንያት ፊደላችን ነው።

ኤክስፒ ከማይክሮሶፍት ሲወጣ አማርኛ የሚጽፍበት ፎንትም ኪቦርድም አልነበረውም። ከእርሱ በፊት የነበሩትማ ጭራሽ። ክፍተቱን የሞሉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ መጀመሪያ በአሜሪካ እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋሙ ኩባንያዎች። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የሚሉትን ስሞች ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው አይረሳቸውም። ሥራቸው ዛሬ ላየው ሰው ተአምር ይመስላል፤ በባዶ ሜዳ ላይ አንድ አገር በገዛ ፊደሉ እንዲጽፍ አደረጉ።

የሠሩበት ዘዴ ግን ዕዳ ነበረበት። በዚያን ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሲስተሙ ሥራ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል 33 ዘር በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ እነ ሏና ጯ፣ እነ ኳና ጓ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256ቱ ይተርፋል። ስለዚህ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሶፍትዌሩ እርስዎ በሚጽፉበት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያስታውቅ ይዘልልዎታል። ዋናው ዘዴ ደግሞ ይህ ነበር፦ የእንግሊዝኛው ፊደል ወይም ምልክት የሚቀመጥበት ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል መሳል። ኮምፒውተሩ የያዘው የእንግሊዝኛውን ቁጥር ነው፤ ዓይን የሚያየው አማርኛ ነው። ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ምንም ችግር የለም። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ያ ሁሉ አቤቱታ የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሌላም አለ፤ የሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ፎንቶች ያንኑ ፊደል በተለያየ ቁጥር ላይ ስላስቀመጡት የቪዥዋል ግዕዝ ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ አይነበብም።

መፍትሔው የመጣው ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ነው። በ1992 መባቻ በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ፊደላችን የራሱን ቁጥሮች አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ሀ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማሽን ሀ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ተቀብሎ አማርኛን ከነኪቦርዱና ኒያላ ከተባለው ፎንት ጋር አብሮ የሰጠው በዊንዶውስ ቪስታ ነበር፤ ጥር 22 ቀን 1999፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝም የዩኒኮድ ፎንቶቻቸውን አወጡ። ነገሩ በዚሁ ማለቅ ነበረበት።

ያላለቀው በፔጅሜከር ምክንያት ነው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ የመጨረሻውን ፔጅሜከር፣ 7.0ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ኢንዲዛይን አዞረ። ፔጅሜከር ዩኒኮድን አያውቅም። የእኛ አገር የኅትመት ሥራ ግን በፔጅሜከርና በአሮጌዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ላይ ቆሞ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ መጻሕፍት፣ መጽሔቶች፣ የቤተ ክርስቲያን በዓል መታሰቢያ ጥራዞች፣ የትምህርት ቤት መጽሔቶች ሁሉ። የለቃሚዎቹ እጅ የለመደው እርሱን ነው፣ ማተሚያ ቤቶቹ የሚቀበሉት እርሱን ነው። አዲስ ነገር መማር በጊዜው ትርፍ ወጪ እንጂ ሌላ አልመሰለም።

ሰንሰለቱን ልብ ይበሉ። ጽሑፉ የሚነበበው ፎንቱ ሲኖር ነው። ፎንቱ በወጉ የሚሠራው ፔጅሜከር ወይም የዚያ ዘመን ወርድ ሲኖር ነው። እነርሱ ያለ ችግር የሚሠሩት አሮጌው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለዊንዶውስ 3.1 ዘመን የተጻፈን ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ጭራሽ አያስነሣም። አሮጌው ዊንዶውስ የሚነሣው ደግሞ አሮጌው ማሽን እስካለ ድረስ ነው። ያች ጥግ ላይ የተቀመጠች ወፍራም ስክሪን ያላት ኮምፒውተር ስትቃጠል አብሮ የሚሄደው ብዙ ነው። በ1990ዎቹ መጽሐፍ ያሳተመ ደራሲ ዛሬ ሁለተኛ እትም ሲፈልግ ፋይሉ በእጁ እያለ ከታተመው ቅጂ ላይ እንደ አዲስ የሚያስለቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የብራና መጻሕፍታችን 500 ዓመት ሲቆዩ የትናንቱ ፋይል 20 ዓመት አልቆየም ብሎ መቆጨት ይቀናናል፤ እኔ ግን ቁጭቱ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፣ አብዛኛው ፋይል ዛሬም ሊተርፍ ስለሚችል።

ድጋፍ የሚያበቃው በኮምፒውተር ላይ ብቻ አይደለም፤ በስልክ ላይ ደግሞ ቶሎ ይፈጸማል፤ ኮምፒውተር በአሥር ዓመት የሚያየውን ስልክ በሦስትና በአራት ዓመት ያየዋል። በርካሽ ስልኮች ላይ አምራቹ አንድሮይዱን አንዴ ቢያድሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ከካርቶኑ በወጣበት ይቀራል። ኖኪያን የያዙ ሰዎች ይህን ቀድመው ቀምሰውታል። ዋትሳፕ በሲምቢያን ኖኪያዎች ላይ በሰኔ 2009፣ በኤስ 40ዎቹ ላይ ደግሞ በታኅሣሥ 2011 አቆመ። ስልኩ ጤነኛ ነው፣ ባትሪው ሦስት ቀን ይይዛል፤ ዋትሳፑ ግን የለም። በጥቅምት 2016 ደግሞ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ያሉት ተራቸው ደረሰ።

5.0 ለደኅንነትም መለያ መስመር ነው። በስልክዎና በባንክዎ መካከል የሚያልፈው መልእክት በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ተመስጥሮ ይሄዳል። የምስጠራው ሥርዓት ቲኤልኤስ ይባላል። የድሮዎቹ እትሞቹ ድክመት ስለተገኘባቸው የካርድ ክፍያ ዓለም እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ድረስ ሁሉም የመጀመሪያውን እትም እንዲተው ወሰነ። አንድሮይድ 4.1 እስከ 4.4 አዲሱን እትም፣ 1.2ን፣ ቢያውቀውም ተዘግቶ ነው የተሸጠው፤ በራሱ የተከፈተው በ5.0 ነው። ኤክስፒ ላይ ያለው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም አዲሱን እትም አያውቀውም። ስለዚህ አሮጌውን መደገፍ ሲባል ለሁሉም ተጠቃሚ ደካማውን በር ክፍት መተው ማለት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሌላው የምስክር ወረቀት ጉዳይ ነው። አንድ ድረ ገጽ «እኔ በእርግጥ እኔ ነኝ» የሚለው አንድ የታመነ አካል በፈረመለት የዲጂታል ምስክር ወረቀት ነው። ስልኩ የሚያምናቸው ፈራሚዎች ዝርዝር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሲስተሙ ካልታደሰ ዝርዝሩም አይታደስም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት ለብዙ ሚሊዮን ድረ ገጾች በነፃ ይፈርማል። ስሙ ግን ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት በነበሩት ስልኮች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እነዚያ ስልኮች ፊርማውን የሚያምኑት በሌላ የቆየ ፈራሚ ዋስትና ነበር፣ የዚያ ፈራሚ ጊዜም መስከረም 20 ቀን 2014 አለቀ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እንዳስታወቀው ከዓለም አንድሮይድ ስልኮች ሲሶ ያህሉ፣ 33.8 በመቶው፣ ከ7.1 በታች ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ከኢንተርኔት ማስወጣት ከበደውና አንድ ብልሃት ፈጠረ፦ አሮጌ አንድሮይድ የፈራሚውን ማብቂያ ቀን እንደማያይ ተረድቶ፣ ጊዜው ያለፈበት ፈራሚ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስ ዋስ ሆኖ እንዲቀጥል አስፈረመው። ለአሮጌ ስልክ ባለቤት እንዲህ የተጨነቀ ድርጅት ብዙ አላውቅም። ብልሃቱም ቀኑ ደርሶ አበቃ። በአሮጌ ስልክ ላይ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ሲመጣና ሰው ኔትወርኩን ሲረግም፣ ኔትወርኩ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው።

በአማራ ክልል ነገሩ ሌላ መልክም ነበረው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት ስልክ ለመደወያ ብቻ ሆነ። ጎግልም በዚያው ሰሞን ኪትካት ለሚባለው አንድሮይድ 4.4 ዋና አገልግሎቱን ማደስ አቁሟል። ደምበጫ ላለ የኪትካት ስልክ ባለቤት ይህ ዜና በምን ይድረሰው? አዲስ እትም ማውረድ ያልቻለ ስልክ ድጋፉ ካበቃበት ስልክ አይለይም፤ ዋትሳፕን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ደግሞ እያንዳንዱ እትማቸው የራሱ የማብቂያ ቀን አለው። ሰው መተግበሪያ በዜንደርና በብሉቱዝ ከጓደኛው ሲቀበል ማን እንደሠራው፣ መንገድ ላይ ማን እንደነካካው የሚያጣራለት የለም። ኢንተርኔት መዝጋት የሚያስከትለው ጉዳት ሲቆጠር የንግዱና የወሬው ይነሣል፤ ሳይጠገኑ የከረሙት ስልኮች ግን በቆጠራው ውስጥ አይገቡም።

ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ እፈርድላቸዋለሁ። አንድ መተግበሪያ አምስት የአንድሮይድ ትውልድ ይደግፍ ከተባለ እያንዳንዱ ለውጥ በአምስቱም ላይ መፈተሽ አለበት፤ አንድ ስሕተት በአሮጌው ላይ ብቻ ሲገኝ ለጥቂት ሰው ሲባል የሁሉም ሥራ ይቆማል። ጎግል ኪትካትን ሲተው ከአንድ በመቶ ያነሰ ስልክ ብቻ እንደቀረበት ተናግሯል። ክሮምን ከዊንዶውስ 7 ላይ ያነሣውም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ከተወው ከሦስት ዓመት በኋላ። ሞዚላ ደግሞ ለፋየርፎክስ ተጠቃሚዎች ከዚያም በላይ ታግሷል። ያ የዓለም አንድ በመቶ የት አገር እንደሚበዛ መገመት ግን ከባድ አይደለም።

ፍርዴ የሚለወጠው አገልግሎቱ ግዴታ ሲሆን ነው። ዋትሳፕ ቢቀር ሌላ አለ። በ2015 ሚያዝያ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በሌላው አገር ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ሲባል ግን የባጃጅ ሹፌሩ ስልክ የስንት ዓመት ነው የሚለው ጥያቄ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። እዚህ ላይ የእኛ አገር አንድ መልካም ነገር ይዛለች። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሲጀመር ከመተግበሪያው ጎን *127# ነበረ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም *889# አለው። ይህ የኮከብና የመሰላል ምልክት መንገድ ከአንድሮይድም ከዊንዶውስም ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚፈልገው ሲም ካርድና የስልክ ኔትወርክ ብቻ ነው፣ ባለ ቁልፍ ኢቴልም ይበቃዋል። የራሱ የደኅንነት ድክመት አያጣውም፣ ምናሌውም ያሰለቻል። እስካሁን ግን ማንንም «ስልክዎ አርጅቷል» ብሎ አልመለሰም። አዲስ መተግበሪያ በወጣ ቁጥር አሮጌውን መንገድ ለመዝጋት የሚቸኩል ኃላፊ ካለ፣ አስቀድሞ ወደ አንድ የገበያ ቀን ሄዶ የሰዎቹን ስልክ ቢያይ ጥሩ ነው። የሚዘጋ ከሆነም ከወራት በፊት፣ በአማርኛ፣ በአጭር መልእክት ይነገር።

የወረዳ ቢሮዎች ጉዳይ ደግሞ ከእንግዲህ በምክር ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት ጥሎበታል። የነዋሪ መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ፣ የጤና ካርድ ጥገና በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ መቀመጡ ከአዋጁ ጋር አይስማማም።

ለጽሕፈት ቤት ባለቤቱ የምመክረው ሌላ ነው። አሮጌውን ማሽን አይጣሉት፤ ከኢንተርኔት ግን ይንቀሉት። ገመዱ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ይጥፋ፣ የደንበኛ ፍላሽ መጀመሪያ በሌላኛው ኮምፒውተር ይፈተሽ። እንዲህ የተገለለ ኤክስፒ ለልቀማ ሥራ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ኢሜይልና ቴሌግራም ለሚከፈትበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ይጫን ቢባል ቲፒኤም 2.0 የተባለ ቺፕ እና በግምት ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ገበያችንን የሞላው ያገለገለ ፎርዝ ጀኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ አያሟላም። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የጨመረውን የአንድ ዓመት ጥገና እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ማግኘት ይችላል፤ በ30 ዶላር፣ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ላገናኘ በነፃ። ሊኑክስ የሚሞክር ካለ አማርኛን በዩኒኮድ ያለ ክራክ ይጽፍበታል፤ ፕሪንተሩ የሚሠራ መሆኑን ግን ከመጫኑ በፊት ያረጋግጥ።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ፋይሉ ነው። የድሮ ፎንቶችን ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ወርድ ፋይል ከሆነ ፎንቱ የትኛው እንደሆነ ስለተመዘገበ ቀላል ነው። ጽሑፉ ያለ ፎንቱ ተገልብጦ ከተቀመጠ ግን አንድ ቁጥር በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ስለሚሆን ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። እነ ሏና ኳን የመሰሉትን ዲቃላ ፊደላትና አኃዞቹን ለብቻ ያመሳክሩ፣ ስሕተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። የፔጅሜከሩን ፋይል ፔጅሜከር እየሠራ ሳለ ወደ ፒዲኤፍም ያውጡት።

ስለዚህ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ከአሮጌው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር ይክፈቱና ይጀምሩ፤ የመሬት ክርክሩን አቤቱታና የውክልናውን ረቂቅ ከሠርግ ጥሪው ያስቀድሙ።